ወረቀት የሌለው ሰው የመንግሥት እርዳታ ይበላል? በአሜሪካ የሚወራውና እውነታው

በዋሽንግተን ዲሲም ሆነ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያም ሆነ በሚኒያፖሊስ፣ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ የስደተኛ ፖለቲካ ሲነሳ ይህች ነገር አትጠፋም፦ «እኛ ላባችንን አፍስሰን ታክስ እንከፍላለን፤ ድንበር ጥሰው የገቡት ግን ቁጭ ብለው የመንግሥት ብር ይበላሉ።» ይህን የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ሁለት ሥራ ይሠራል፣ የጤና መድን ክፍያ አስመርሮታል፣ እሱ ራሱ ቸግሮት ሲያመለክት «ገቢህ ከወሰኑ በላይ ነው» ብለው መልሰውታል። ምሬቱ የእውነት ነው። ያመነው ወሬ ግን በአብዛኛው ስህተት ነው፤ የስህተቱም ጉዳት ከክርክር አልፎ እኛው መካከል ያሉ፣ እዚሁ ተወልደው ዜጋ የሆኑ ሕፃናት መብታቸውን እንዳያገኙ እስከማድረግ ደርሷል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

በኢሜይል ዘመን ተጀምሮ እስከ ዛሬ በየስልኩ የሚዞር አንድ መልእክት አለ። «መንግሥት ለስደተኛ በየወሩ ይህን ያህል ይከፍላል፤ ዕድሜ ልኩን የሠራ ጡረተኛ ግን ከዚያ ያነሰ ያገኛል» ይላል። የገንዘቡ መጠን በየዓመቱ ይቀያየራል። መነሻው በ2004 በካናዳ አንድ ጋዜጣ ላይ የወጣ የአንባቢ ደብዳቤ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጸሐፊው ለስደተኞች አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠውን የመቋቋሚያ ገንዘብ በየወሩ የሚከፈል አድርጎ ተረዳው። ስህተቱ ቢታረምም መልእክቱ ድንበር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ፤ እዚያ ሲደርስ ደግሞ «ስደተኛ» የሚለው ወጥቶ «ወረቀት የሌለው» የሚለው ተተካበት። ወረቀት ለሌለው ሰው እንዲህ ያለ ወርሃዊ ክፍያ የሚሰጥ የአሜሪካ ፌዴራል ፕሮግራም የለም።

«ቁጭ ብለው ዌልፌር ይቀበላሉ»

ኦገስት 22 ቀን 1996 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የዌልፌር ማሻሻያ ሕጉን ፈረሙ። ሕጉ ዜጋ ያልሆነውን ሰው ለፌዴራል እርዳታ ብቁ የሆነና ያልሆነ ብሎ ለሁለት ከፈለው። ያለ ቪዛ የገባውም፣ ቪዛው አልቆበት የቀረውም ብቁ ካልሆኑት ወገን ነው። ታንፍ የሚባለውን የጥሬ ገንዘብ ድጎማ አያገኝም። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን ኤስኤስአይ አያገኝም። ለድሃ የሚሰጠውን የጤና መድን፣ መደበኛውን ሜዲኬይድም አያገኝም። የምግብ መግዣ ድጎማው ፉድ ስታምፕማ ከዚያ ሕግ በፊትም ለእሱ ዝግ ነበር። ሴክሽን 8 የሚባለው የቤት ኪራይ ድጎማም ቢሆን፣ በአንድ ቤት ውስጥ ብቁ የሆነና ያልሆነ ሰው አብረው ቢኖሩ፣ የሚሰላው ብቁ በሆኑት ድርሻ ልክ ተቀንሶ ነው።

ሕጉ ግሪን ካርድ ያለውንም ሰው እንደነካ ብዙዎቻችን አናስተውልም። በዲቪ የመጣ አዋቂ ሰው ሜዲኬይድም ሆነ ፉድ ስታምፕ ለማግኘት በአብዛኛው አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ኤስኤስአይ ለማግኘት ደግሞ፣ ዜግነት እስካልወሰደ ድረስ፣ በአብዛኛው 40 ሩብ ዓመት፣ ማለትም አሥር ዓመት ገደማ የሥራ ታሪክ ይጠየቃል። ጥገኝነት ጠይቆ ኬዙ ገና ያልተወሰነለት ሰውስ? ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው ደንብ የዎርክ ፐርሚት ማመልከቻ ማስገባት የሚችለው ኬዙን ካስገባ ከ150 ቀን በኋላ ነው፤ የሚሰጠውም 180 ቀን ከሞላው በኋላ ነው። እስከዚያ መሥራትም አልተፈቀደለት፣ ፉድ ስታምፕም የለው። በዘመድ ቤት ሶፋ ላይ ተኝቶ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ወንድሞችና እህቶች ያዋጡለትን እየበላ ያን ጊዜ ያለፈ ሰው በየቤታችን አለ። በ2022 ለኢትዮጵያውያን የተፈቀደው፣ ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ፈቃድም የሥራ ፈቃድና ከመባረር ከለላ ሰጠ እንጂ ፉድ ስታምፕ አልሰጠም።

ለእርዳታ ማመልከቻ ሲገባ የእርዳታው ቢሮ የአመልካቹን ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ይጠይቃል። አመልካቹ ዜጋ ካልሆነም ሴቭ በሚባለው የፌዴራል ማጣሪያ ከኢሚግሬሽን መዝገብ ጋር ያመሳክራል። በሐሰት ወረቀት ያጭበረበረ ሰው ፈጽሞ የለም አልልም። አጭበርባሪ ከዜጋውም፣ ከሐኪሙም፣ ከነጋዴውም መካከል ይገኛል። ክርክሩ ግን ሕጉ ምን ይፈቅዳል በሚለው ላይ ከሆነ፣ ሕጉ ግልጽ ነው።

«ፉድ ስታምፕ ካርድ ይዘው በዓይኔ አይቻለሁ»

ይህን የሚለው ሰው ያየውን ነው የሚናገረው፤ በዓይኑ አይቷል። ያየው ነገር ምን እንደሆነ ግን አልተነገረውም።

አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። አባትና እናት ወረቀት የላቸውም። ሁለቱ ልጆች ሜሪላንድ ውስጥ ተወለዱ፤ ስለዚህ በ1868 በጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሠረት የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። እናትየው ለልጆቿ ፉድ ስታምፕ ታመለክታለች። ቢሮው የሚቆጥረው ሁለት ሰው ነው። በ2026 የበጀት ዓመት ለአራት ሰው ቤተሰብ ከፍተኛው ወርሃዊ መጠን 994 ዶላር፣ ለሁለት ሰው 546 ዶላር ነው። ይህ ቤተሰብ ስሌቱ የሚሠራለት በሁለት ሰው ነው። የወላጆቹ ገቢ ግን እንደ ስቴቱ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ተቆጥሮ ከዚያው ላይ ይቀንሳል፤ ስለዚህ 546 ዶላሩን እንኳ ሙሉ ማግኘታቸው አጠራጣሪ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ብቻዋን ሱቅ ሄዳ ወተትና ዳቦ አትገዛም፤ ካርዱን ካሸሩ ፊት የምታወጣው እናትየው ናት። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው እንግሊዝኛዋን ሰምቶ፣ መልኳን አይቶ፣ የራሱን መደምደሚያ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በፖለቲካው መድረክ የሚጠቀሰው ትልቁ ቁጥርም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ስደት እንዲቀንስ የሚሟገተው የስደተኞች ጥናት ማዕከል በ2023 መጨረሻ ባወጣው ጥናት፣ ወረቀት የሌለው ሰው ከሚመራቸው ቤቶች 59 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ የዌልፌር ፕሮግራም ይጠቀማሉ ብሏል፤ በአሜሪካ ተወላጅ የሚመሩት ደግሞ 39 በመቶ። ቁጥሩ ከሕዝብ ቆጠራ ቢሮ መጠይቅ የተወሰደ ነው፤ ከአየር የተፈጠረ አይደለም። ነገር ግን የሚቆጥረው ቤትን እንጂ ሰውን አይደለም። በቤቱ ካሉት አምስት ሰዎች አራቱ ምንም ሳይቀበሉ አንዲት ዜጋ ልጅ ትምህርት ቤት ነጻ ምሳ ብትበላ፣ ያ ቤት «ዌልፌር ተጠቃሚ» ተብሎ ይመዘገባል። ድሃና ልጅ የበዛበት ቤት ደግሞ በዚህ ዓይነት ቆጠራ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ይታያል። ካቶ የተባለው የነጻ ገበያ ደጋፊ ተቋም በበኩሉ በነፍስ ወከፍ ሲቆጥር ስደተኞች ከተወላጁ ያነሰ እርዳታ እንደሚጠቀሙ በተደጋጋሚ አሳይቷል። ሁለቱ ተቋማት የተለያየ ጥያቄ ነው የመለሱት። ጥፋቱ ያለው ስለ ቤት የተነገረውን ቁጥር ወስዶ ስለ ሰው እንደተነገረ አድርጎ በሚያቀርበው ፖለቲከኛ ላይ ነው። «ዜጋ የሆነው ሕፃን በወላጆቹ ምክንያት ምግብ አይገባውም» የሚል አቋም ያለው ሰው ካለ በግልጽ ይናገር፤ ክርክሩም በዚያው ላይ ይሁን።

«ሆስፒታል ለእነሱ በነጻ ነው»

በ1986 ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን የፈረሙት ሕግ አለ። የአረጋውያኑን የጤና መድን ሜዲኬርን የሚቀበልና ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሁሉ ለመጣው ሰው ማንነቱንና ኪሱን ሳይጠይቅ ምርመራ እንዲያደርግና ከአደጋ እንዲያወጣው ያስገድዳል። ለዜጋው፣ ለቱሪስቱ፣ ወረቀት ለሌለውም እኩል ይሠራል። «በነጻ» ግን አይልም። ታካሚው ሲሻለው ቢሉ በፖስታ ይመጣል፤ ካልተከፈለም ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ይሄዳል።

ገቢው ዝቅተኛ ሆኖ፣ ለሜዲኬይድ የሚያበቃውን ሌላውን መስፈርት ሁሉ አሟልቶ፣ በኢሚግሬሽን ሁኔታው ብቻ የወደቀ ሰው ከሆነ ደግሞ የድንገተኛ ሜዲኬይድ የሚባለው ይገባል። ይህ ገንዘብ የሚከፈለው ለሆስፒታሉ ነው። ከሁሉ የሚበዛው ወጪ ለወሊድ የሚወጣው ሲሆን፣ የሚወለደውም ሕፃን የአሜሪካ ዜጋ ነው። አጠቃላይ መጠኑ ከሜዲኬይድ ወጪ አንድ በመቶ አይሞላም።

«ድንገተኛ» ለሆነ ሕክምና ብቻ የሚከፍለው የዚህ አሠራር ጭካኔ በደንብ የሚታየው በኩላሊት ሕመምተኞች ላይ ነው። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ ደሙ በማሽን መታጠብ አለበት፤ ዲያሊስስ ማለት ይህ ነው። በአንዳንድ ስቴቶች ይህ መደበኛ ሕክምና «ድንገተኛ» ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ ወረቀት የሌለው ሕመምተኛ ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል። ሰውነቱ ያብጣል፣ ሳንባው ውኃ ይሞላል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሺየም ልብ ሊያቆም የሚችልበት ደረጃ ይደርሳል። ያኔ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል፤ ተመርምሮ «አሁን ለሞት ተቃርቧል» ሲባል ይታጠብለታል፤ ተሽሎት ይመለሳል፤ በሳምንቱ እንደገና እዚያው። ሐኪሞች ባደረጉት ጥናት በዚህ መንገድ የሚታከሙት በመደበኛው ከሚታከሙት እጅግ በበለጠ ቁጥር ይሞታሉ፤ ወጪውም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ከክሊኒክ ወንበር ይልቅ የድንገተኛ ክፍልና የጽኑ ሕሙማን አልጋ ውድ ነው። ኮሎራዶ ይህን አይታ በ2019 ደንቧን ቀይራ መደበኛውን ዲያሊስስ በድንገተኛ ሜዲኬይድ ውስጥ አስገባች። የግብር ከፋዩን ገንዘብ ለማዳን የሚፈልግ ሰው የሰው ነፍስ ባያሳዝነው እንኳ ሒሳቡ ሊያሳምነው ይገባል።

ኦባማኬር በሚባለው የጤና መድን ሕግ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚገረምበት ነገር አለ። ወረቀት የሌለው ሰው ድጎማ አለማግኘቱ ብቻ ሳይሆን፣ ሙሉ ዋጋውን ከራሱ ኪስ እከፍላለሁ ቢል እንኳ በመንግሥት ገበያው በኩል የጤና መድን እንዳይገዛ ሕጉ ከ2010 ጀምሮ ከልክሎታል።

«ታክስ አይከፍሉም»

አንድ ፔይ ስታብ እንይ። በሳምንት 600 ዶላር የሚከፈለው የምግብ ቤት ሠራተኛ ነው እንበል። ለጡረታው ለሶሻል ሴኪዩሪቲ 6.2 በመቶ፣ ማለትም 37 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይቆረጣል። ለሜዲኬር 1.45 በመቶ፣ ማለትም 8 ዶላር ከ70 ሳንቲም። አሠሪው በበኩሉ ያንኑ ያህል ይጨምራል። ሠራተኛው የተቀጠረው በሌላ ሰው ወይም በማይገጥም ቁጥር ከሆነ፣ ገንዘቡ ያለ አንዳች እንቅፋት ወደ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ፈንድ ይገባል። ስሙና ቁጥሩ ስላልተገናኙ ግን ደመወዙ ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ በሚቀመጥበት መዝገብ ላይ ያርፋል። ሠራተኛው 67 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ልጠይቅ ቢል፣ ወረቀት እስካላገኘ ድረስ የሚሰጠው የለም። ጥሬ ገንዘብ በእጁ የሚቀበልና ምንም የማይቆረጥበትም አለ፤ ይህም እውነት ነው። እሱም ቢሆን ዕቃ ሲገዛ የሽያጭ ታክስ፣ ቤት ሲከራይ በኪራዩ ውስጥ የንብረት ታክስ ይከፍላል።

የአሜሪካ ገቢዎች መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ከ1996 ጀምሮ አይቲን የሚባል ዘጠኝ አኃዝ ያለው፣ በ9 የሚጀምር ቁጥር ይሰጣል። ሶሻል (የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር) የሌለው ሰው በዚህ ቁጥር ዓመታዊ ታክሱን ያሳውቃል። የግብርና የኢኮኖሚ ፖሊሲ ተቋም በ2024 ባወጣው ስሌት፣ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች በ2022 በፌዴራል፣ በስቴትና በከተማ ደረጃ በጠቅላላው 96.7 ቢሊዮን ዶላር ከፍለዋል። ከዚህ ውስጥ 25.7 ቢሊዮኑ ለሶሻል ሴኪዩሪቲ፣ 6.4 ቢሊዮኑ ለሜዲኬር የገባ ነው። ዛሬ ጡረታ የሚወስደው አዛውንት ከሚቀበለው ቼክ ጥቂቷ ከዚህ ሰው ላብ የመጣች ናት።

ተመላሽ ገንዘብ ያገኛሉ የሚባለውስ? ለዝቅተኛ ገቢ ሠራተኞች የሚሰጠው ትልቁ የታክስ ተመላሽ ለሥራ የሚያገለግል ሶሻል ለሌለው ሰው አይሰጥም። የልጆች ታክስ ክሬዲት ከ2017ቱ የታክስ ሕግ ወዲህ ልጁ ሶሻል እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር። ጁላይ 4 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፈረሙት ሕግ ደግሞ ከወላጆቹ ቢያንስ አንዱ ሶሻል እንዲኖረው ጨምሯል። ሁለቱም ወላጆች በአይቲን ታክስ የሚከፍሉ ከሆነ፣ ዜጋ የሆነው ልጃቸው ከዚህ ክሬዲት ወጥቷል ማለት ነው።

«አውሎ ነፋስ ለመታው ሕዝብ የተመደበው ገንዘብ ለስደተኛ ሄደ»

በ2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ሰሜን ካሮላይናን ሲያወድም ይህ ወሬ ነደደ። የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ፌማ ሁለት የተለያዩ ሒሳቦች ያስተዳድር ነበር። አንደኛው የአደጋ መረዳጃ ፈንድ ነው። ሁለተኛው ኮንግረስ በድንበር ጥበቃው መሥሪያ ቤት በጀት በኩል ለብቻው የመደበው፣ አዲስ ገቢዎችን ለሚያስጠጉ ከተሞችና ድርጅቶች የሚሰጥ 640 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው ገንዘብ አልተሻገረም።

«ምንም ወጪ አያስከትሉም»

ከዚህኛው ወገንም ተረት አለ። ለስደተኛ የሚሟገቱ አንዳንድ ሰዎች ወጪ የሚባል ነገር ፈጽሞ የለም ሲሉ ይሰማሉ። ይህ ልክ አይደለም፤ ሐቁን ያየ ሰውም ሌላውን እውነት እንዳያምናቸው ያደርጋል።

ትልቁ ወጪ ትምህርት ቤት ነው። በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከቴክሳስ ታይለር ከተማ በመጣው ፕላይለር በተባለው ክስ፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ሕፃናትን በወረቀት ምክንያት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ማስወጣት አይቻልም ብሎ ወሰነ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ዊሊያም ብሬናን ናቸው። የትምህርት ቤት ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው በስቴትና በአካባቢ ታክስ ነው፤ ሠራተኛው የከፈለው የሶሻል ሴኪዩሪቲ ገንዘብ ግን ወደ ፌዴራል ካዝና ይገባል። የኮንግረስ የበጀት ቢሮ ያወጣቸው ሁለት ዘገባዎች ይህን ልዩነት ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ። በ2024 ዘገባው፣ ከ2021 ወዲህ የታየው የስደተኞች መብዛት እስከ 2034 ባሉት ዓመታት የፌዴራሉን የበጀት ጉድለት በ0.9 ትሪሊዮን ዶላር እንደሚቀንስ ገምቷል። በ2025 ዘገባው ደግሞ ያው የሰው መብዛት በ2023 ብቻ ስቴቶችንና ከተሞችን 9.2 ቢሊዮን ዶላር የተጣራ ወጪ እንዳስወጣቸው አሳይቷል። ትርፉ ዋሽንግተን፣ ወጪው ዴንቨርና ቺካጎ ማለት ነው። የከተማ ከንቲባ ሲማረር ሁልጊዜ ዘረኛ ሆኖ አይደለም፤ እውነተኛ ቢል ይዞ ነው። መፍትሔው ገንዘቡ ከገባበት ወጪው ወዳለበት እንዲደርስ ማድረግ ነው፤ በዚህ ላይ ግን የሚከራከር ፖለቲከኛ ብዙም አላየሁም።

ኒውዮርክም ለየት ያለ ጉዳይ ነበራት። በ1981 በፍርድ ቤት በተፈረመ ስምምነት ከተማዋ ቤት ለሌለው ሰው መጠለያ የመስጠት ግዴታ ገብታ ነበር። ከ2022 ጀምሮ ጥገኝነት ጠያቂዎች በብዛት ሲመጡ ሆቴሎችን ተከራይታ ያስጠጋቻቸው ለዚህ ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ ኬዛቸውን በፍርድ ቤት የሚከታተሉ እንጂ የተደበቁ አልነበሩም።

አንዳንድ ስቴቶች በራሳቸው ገንዘብ ሰፊ በር ከፍተዋል። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በየትኛውም ዕድሜ ያለ ድሃ ሰው ወረቀት ሳይጠየቅ ሜዲካል የሚባለውን የስቴቱን ሜዲኬይድ እንዲያገኝ ፈቀደች። ወጪው ከታሰበው በላይ ሆነና ከ2026 ጀምሮ ወረቀት ለሌላቸው አዋቂዎች አዲስ ምዝገባ አቆመች። ኢሊኖይ ከ42 እስከ 64 ዓመት ላሉት የነበራትን ፕሮግራም በጁላይ 2025 ዘጋች። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሚኒሶታ ለአዋቂዎች የከፈተችውን በ2025 መጨረሻ አቋረጠች። «ይሰጣቸዋል» የሚለው ወሬ በተወሰኑ ስቴቶች፣ በተወሰነ ጊዜ፣ ለተወሰነ ፕሮግራም እውነት ነበር ማለት ነው። ገንዘቡ ግን የፌዴራል አልነበረም።

«ስደተኛ ሁሉ አንድ ነው»

ከኬንያ ወይም ከሱዳን መጠለያ ጣቢያ በተባበሩት መንግሥታት በኩል ተጣርቶ የመጣ ሰው ሪፊውጂ ነው። እዚህ ደርሶ ጥገኝነት የተፈቀደለት አሳይሊ ነው። ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው፤ የ1996ቱ ሕግም እርዳታ እንዲያገኙ ሲፈቅድላቸው ቆይቷል። ይህን ስልም «እነሱ የተሻሉ ናቸው» ለማለት አይደለም፤ በፉድ ስታምፕ ወረፋ ላይ የታየውን ሰው ሁሉ ወረቀት የሌለው አድርጎ መቁጠር ስህተት መሆኑን ለማሳየት ነው።

ከላይ የጠቀስኩት፣ ትራምፕ የፈረሙት የ2025ቱ ሕግ ግን ይህን መብት ነካው፤ በማኅበረሰባችን ውስጥ በቂ ወሬ ያልተወራበትም እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ሲሸጥ የነበረው «ሕገ ወጦችን ከእርዳታ እናስወጣለን» በሚል ነው። እነሱ ቀድሞውኑ ውጭ ነበሩ። የወጣው ሪፊውጂውና አሳይሊው ነው። ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ድረስ ፉድ ስታምፕ ተቋርጦባቸዋል። ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ደግሞ በአብዛኛው ከፌዴራል ሜዲኬይድ ይወጣሉ። ለሪፊውጂ የሚሰጠው የመጀመሪያ ጊዜ የጥሬ ገንዘብ እርዳታም በ2025 ከ12 ወር ወደ 4 ወር ወርዷል። ከጦርነት አምልጣ፣ ሦስት ልጆች ይዛ፣ ቋንቋ ሳታውቅ ለመጣች እናት አራት ወር ምን ያህል እንደሆነ አዲስ መጥቶ የኖረበት ያውቀዋል። ከኛ መካከል «ደግ አደረጓቸው» ብሎ ያጨበጨበ ሰው የተነካችው የገዛ እህቱ መሆኗን ይወቅ።

«ልጄን ሜዲኬይድ ካስገባሁ ግሪን ካርዴ ይቀራል»

ይህ በወገኖቻችን መካከል ከሁሉ የሚጎዳው ወሬ ነው። «ልጁ ሲያድግ ይከፍለዋል» ወይም «ወታደር ያደርጉታል» የሚልም ይታከልበታል። ሁለቱም ውሸት ናቸው።

ወሬው የሚነሳው ፐብሊክ ቻርጅ ከሚባለው ሕግ ነው። ከ1882 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት የሱ ሸክም ይሆናል ብሎ የገመተውን ሰው ማስቀረት ይችላል። በ2020 የትራምፕ አስተዳደር ፉድ ስታምፕና ሜዲኬይድም እንዲቆጠሩ አድርጎ ነበር፤ ደንቡ በ2021 ተሻረ። በ2022 የወጣው ደንብ የሚቆጥረው ኑሮን ለመደጎም የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብንና በመንግሥት ወጪ በተቋም ውስጥ የሚደረግ የረጅም ጊዜ እንክብካቤን ነው። ልጅ የተቀበለው በወላጅ ላይ አይቆጠርም። ሪፊውጂና አሳይሊ ከዚህ ምርመራ ነጻ ናቸው። ለዜግነት ሲያመለክቱም ይህ ጥያቄ የለም። ይሁንና በኖቬምበር 2025 መንግሥት የ2022ቱን ደንብ ለመሻር ሐሳብ አቅርቧል፤ ስለዚህ ለራሱ እርዳታ ለማመልከት የሚያስብና ግሪን ካርድ የሚጠብቅ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢያማክር ይበጀዋል።

ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። በ2025 የሜዲኬይድ ተመዝጋቢዎች መረጃ ለአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር እንደተሰጠ ታውቆ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ነገር ግን ለራሱ የማያመለክት ወላጅ ለልጁ ሲያመለክት የራሱን ሶሻልም ሆነ የኢሚግሬሽን ሁኔታ የመናገር ግዴታ የለበትም። የሚጠየቀው ስለ ገቢውና ስለ ልጁ ነው። ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ምግብ የሚሰጠው ዊክ፣ የትምህርት ቤት ምሳም የኢሚግሬሽን ሁኔታ አይጠይቁም። ወረቀት የሌላት እናት በድንገተኛ ሜዲኬይድ ከወለደች ደግሞ ሕፃኑ አዲስ ማመልከቻ ሳያስፈልገው እስከ አንደኛ ዓመት ልደቱ ድረስ ሜዲኬይድ አለው። ክትባቱም፣ የሐኪም ቀጠሮውም በዚያው ይሸፈናል፤ ከሆስፒታል ሳትወጣ ሶሻል ወርከሯን መጠየቅ ብቻ ይበቃታል።